ለወለላ የተመዘነው ቡናማ እርሳስ

ይህ ታሪክ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ምላሴ እንደ አሮጌ ኮርቻ ይድረቅ፤ ከዚህ የበለጠ መሐላ ደሴ ውስጥ የለም። አንዲት ቃል አልጨመርሁበትም። በሕይወቴ አጋንኜ እንደማላውቅ ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ያለው ሕዝብ በሙሉ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም፣ ይመሰክርልኛል። ሕዝቡን ያላመነ ደግሞ አንዲት እማኝ አሉለት። ስማቸው ዘምዘም ሙሄ ይባላል፤ በሕይወት አሉ፣ ጆሯቸው ይሰማል፣ ቤታቸውም ከአያ ይመር ግቢ አጠገብ ነው። ሄዶ ይጠይቃቸው።

ነገሩ የሆነው ፎቶ መታመን ካቆመ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ስለ ማንኛውም ነገር ማስረጃ ቢፈለግ የሚጠራው ባለ እርሳስ ነበር። መታወቂያ በባለቀለም እርሳስ ይሣላል። መኪና ከመኪና ሲጋጭ ትራፊኩ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ይሥላል፤ ሹፌሮቹም እስኪጨርስ መሪያቸውን እንደያዙ ይጠብቃሉ። ሙሽሮች ኬኩ ላይ ቢላዋውን አሳርፈው ክንዳቸው እስኪዝል ይቆማሉ። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ከፊደል በፊት የሚማሩት ሳይነቃነቁ መቀመጥን ነው። ፒያሳ ላይ በየደረጃው ፊታቸውን ለብርሃን ሰጥተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው የተቀመጡ ሰዎች ይታያሉ። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ቶሎ አይነሡም።

ከባለ እርሳሶቹ ሁሉ ደግሞ አራጋው እንድሪስን የሚያህል አልነበረም። ደሴ ላይ ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በዓለም ላይ ማለቴ ነው። አንድ ጊዜ ለፍርድ ቤት ክርክር ማስረጃ የሣለው ፍየል ፍርድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሳለ የጽዳት ሠራተኛዋ በየማለዳው ቅጠል ታመጣለት ነበር ይባላል። እኔ ይባላል አልልም፤ ቅጠሉን በዓይኔ አይቻለሁ።

አራጋው ግን በችሎታው አይኮራም። የሚፈራው መሐላውን ነበር። እያንዳንዱ ባለ እርሳስ ሥራ ሲጀምር እጁን ነጭ ወረቀት ላይ አሳርፎ «ያላየሁትን አልሥልም፣ ያየሁትን አልተውም» ብሎ ይምላል። መሐላውን የሰበረ እርሳሱን ይነጠቃል፣ ከዚያ በፊት የሣለውም ሁሉ ይሻራል። በእጁ የተጋቡ እንዳልተጋቡ፣ በእጁ መታወቂያ ያገኙም እንዳልተወለዱ ይቆጠራሉ ማለት ነው። አራጋው የከተማውን ግማሽ ሥሏል። ማታ ከቤቱ ሲገባ ግማሹን ከተማ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ነው የሚገባው።

አንድ የሐምሌ ቀን አያ ይመር ሐሰን መጥተው ፊት ለፊቱ ደረጃው ላይ ተቀመጡና አገጫቸውን ቀና አደረጉ።

«መታወቂያ ነው አያ ይመር?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ቀና አሉ?»

«ልማድ ነው። አንተ ፊት የተቀመጠ ሰው ሁሉ አንገቱ ይደርቃል።»

አያ ይመር ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው ወለላ የደሴ የመጨረሻዋ በቅሎ ነበረች። ከተራራው ጀርባ ያሉትን መንደሮች ነፋሱ በራሪ መኪና አያስጠጋቸውም፤ በሽተኛ ሲኖር የሚወርደው በወለላ ጀርባ ነው። ስንቱን እንዳወረደች ልንገራችሁ ብል አታምኑኝም፤ የአራጋውን እናት ያወረደችው እሷ መሆኗን ግን እወቁልኝ። ታዲያ በዚያ ሁሉ መውጣትና መውረድ አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ ወደቀች። በመጀመሪያ የኋላ ግራ እግሯ በብረት ተተካ። ቀጥሎ ሁለቱ የፊት እግሮቿ። ከዚያ ደረቷ ውስጥ ሞተር ገባ፣ አንገቷም ላይ የብረት ሳንቃ ተገጠመ። አያ ይመር ሚስታቸውን ከቀበሩ በኋላ እሳቸው ግቢ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚተነፍስ ነገር ወለላ ብቻ ነበረች። እሷም የምትተነፍሰው እኩሌታው በሞተር ነው።

«ወለላን ጠርተዋታል» አሉ አያ ይመር።

አራጋው እርሳሱን አስቀመጠ። የሕያዋን መዝጋቢ ቢሮ የጠራው ፍጡር ምን እንደሚደርስበት ሁሉም ያውቃል። ከግማሽ በላይ ብረት የሆነ ፍጡር ንብረት ነው፤ ወደ መፍቻ ጣቢያ ይሄዳል፣ ዕቃው ተፈቶ ለሌላ ይገጠማል። ከግማሽ በታች ከሆነ እንስሳ ነው፤ ጌታው ዘንድ ይኖራል፣ ሲሞትም አፈር ይለብሳል።

«መቼ ነው?»

«ነገ። ሠዓሊው አንተ ነህ አሉኝ።»

«ሌላ ባለ እርሳስ ይጠይቁ። እኔ አውቃታለሁ፤ ዓይኔ ያዳላል።»

«እኔ ነኝ አንተን ያልኋቸው።» አያ ይመር ጠጋ አሉ። «ቡናማውን እኮ ትንሽ ጫን ብታደርገው...»

«አያ ይመር!»

«ትንሽ። በርበሬ እንኳ ሲያንስ ይጨመራል።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ቢሮው የፍጡሩን ሥጋና ብረት የሚለየው በእርሳስ ነው። ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት እርሳሶቹ ይመዘናሉ፤ ካለቀ በኋላ ፍቅፋቂያቸው ሳይቀር ተሰብስቦ እንደገና ይመዘናል። ቡናማ፣ ቢጫና ቀይ ሥጋ ናቸው። ግራጫና ሰማያዊ ብረት ናቸው። ወረቀቱ ላይ የበዛው ይፈርዳል። ሥዕልን በዓይን የሚያይ ሰው ይሳሳታል፣ ይራራል፣ ይወዳል፤ ሚዛን ግን አይራራም ብለው ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው በሕይወቱ እርሳስ ይዞ እንደማያውቅ አራጋው ብዙ ጊዜ ጠርጥሯል። ለማንም አልተናገረም።

«መሐላ አለብኝ፣ አያ። እኔ ከተነጠቅሁ እርስዎ መታወቂያ የለዎትም። እትዬ ዘምዘም መታወቂያ የላቸውም። የታችኛው ሰፈር ሰው ሁሉ ሳይጋባ የሚኖር ይሆናል።»

«የታችኛው ሰፈር ሰው ድሮስ ምን ሲያደርግ ነበር?» አሉ አያ ይመር።

ሁለቱም ሣቁ። ሣቁ ሲያልቅ አያ ይመር ቢጫ ካፖርታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ያየኸውን ነው የምትሥለው?»

«ያየሁትን ነው።»

«እንግዲያ ደህና አድርገህ እያት» ብለው አያ ይመር ተነሡ።

በማግስቱ አራጋው ግቢያቸው ሲደርስ ሽማግሌው በቅሎዋን ሲያዘጋጁ አገኛቸው። በመጀመሪያ ቆዳዋን በብሩሽ ከአንገቷ እስከ ታፋዋ አበጠሩ። ከዚያ ጨርቁን በአመድና በሎሚ አርሰው ብረቱን መወልወል ጀመሩ። በየማለዳው እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ቆዳው ላይም ብረቱ ላይም የሚሉት ነገር አንድ ነው፤ «አይዞሽ» ይላሉ። የፊት እግሮቿ ከመወልወል ብዛት መስተዋት ሆነዋል። ጦሳ ተራራ ከነዛፉ፣ ከነወፉ የግራ ጉልበቷ ላይ ይታይ ነበር ብል ከእውነቱ ያነስሁ እንጂ ያለፍሁ አይሆንም።

እትዬ ዘምዘም የእርሳሱን ቆርቆሮ ይዘው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ሠዓሊው እርሳስ በራሱ እጅ አያነሣም። የቀለሙን ስም ይጠራል፣ እማኟ ትሰጠዋለች፤ ሲጨርስ ይመልሳል፣ እማኟ ትቀበለዋለች። ዘምዘም ለዚህ ሥራ የተፈጠሩ ሴት ናቸው። በዓመት የሚናገሩት ቃል ተሰብስቦ አንድ ሲኒ አይሞላም።

«ቡናማ» አለ አራጋው። ሰጡት።

ከዓይኗ ጀመረ። እርሳሱን ሳይጫን፣ ትንንሽ ክብ እየሠራ፣ ንብር በንብር ላይ እየደረበ ሄደ። ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቡናማ፣ ከዚያ ደግሞ ቢጫ። ከዓይኗ ወደ ጆሮዋ፣ ከጆሮዋ ወደ አንገቷ ወረደ። አንገቷ ላይ ቆዳውና ሳንቃው የሚገናኙበት ስፌት አለ። ጠጉሯ ስፌቱን አልፎ ብረቱ ላይ ተኝቶ በቅሏል። አራጋው ይህን ከዚህ በፊት አላየም ነበር። እናቱን ሊቀበል የወጣ ዕለት የበቅሎዋን አንገት አቅፎ ነበር፤ ያኔ ግን የሚያየው እናቱን ነበር።

«ትቁም እንጂ፣ አያ ይመር።»

«ቆማለች እኮ። ጆሮዋ ነው።»

«ጆሮዋስ ቢቆም?»

«እሱን ራስህ ንገራት። እኔን ሰምታኝ አታውቅም።»

አያ ይመር ሣቃቸው ወደ ሳል ተቀየረ። ሲያስሉ የወለላ ደረት ውስጥ ያለው ሞተር ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ሁለቱም ጆሮዎቿ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሳሉ እስኪያልፍ ሞተሩ ዝቅ እንዳለ ቆየ። አራጋው እርሳሱን እንደያዘ ቀረ። ይህን የሚሥል ቀለም ቆርቆሮው ውስጥ አልነበረም። ዞር ብሎ ዘምዘምን አያቸው፤ እሳቸው ወደ መሬት ያያሉ።

ከዚያ እግሮቿ ላይ ደረሰ። ቡናማውን መለሰ።

«ግራጫ» አለ። ሰጡት።

የግራጫው ጫፍ ወረቀቱን ነካ። አንዲት መስመር ወረደች። አያ ይመር መስመሯን አዩና የበቅሎዋን ልጓም አጥብቀው ያዙ።

አሁን በደንብ ስሙኝ። ወሩ ሐምሌ ነበር ብያለሁ። የደሴን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰማዩ ክዳን ነው፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይገባል፣ ሰው ፀሐይን ረስቶ ነው የሚከርመው። በዚያች ቅጽበት ያ ክዳን ከጦሳ በኩል ተቀደደ። ፀሐይዋ ሌላ ቤት አልሄደችም። ቀጥ ብላ አያ ይመር ግቢ ገባችና የወለላ እግሮች ላይ አረፈች።

አራጋው ግራጫውን ከወረቀቱ አነሣ።

«ይህን ተቀበሉኝ። ቡናማ።»

ዘምዘም አልሰጡትም። «ብረት እኮ ነው፣ አራጋው።»

«ብረት ነው።»

«ታዲያ?»

«ያየሁትን ነው የምሥለው፣ እትዬ። ኑና እዩት።»

ብረት የራሱ ቀለም የለውም፤ ይህን ባለ እርሳስ ሁሉ ያውቃል። ብረት አጠገቡ የቆመውን ነው የሚለብሰው። የፊት እግሯ ላይ ያለው የበቅሎዋ ሆድ ነበር፤ ቡናማ፣ ሞቅ ያለ፣ የሚተነፍስ። ቅልጥሟ ላይ ያለው የግቢው ቀይ አፈር ነበር። ጉልበቷ ላይ ደግሞ አንድ ትንሽ ሰው ቢጫ ካፖርት ለብሶ፣ ልጓም ይዞ ቆሟል።

«ቡናማ» አለ። ከዚያ «ቀይ» አለ። ከዚያ «ቢጫ» አለ። ዘምዘም እየሰጡ ተቀበሉ። አያ ይመር ፊታቸው ወረቀቱ ላይ በበቅሎዋ ጉልበት ውስጥ ሲወጣ አዩና ሳያስቡት አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ፀሐይዋም አራጋው እስኪጨርስ ንቅንቅ አላለችም፤ እሷም እንደ ልጆቹ ሳትነቃነቅ መቀመጥን የተማረች ይመስል። መጨረሻ ላይ ከግራጫው ያለቀው ያችው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። ቡናማው በጥፍር የማይያዝ ቁራጭ ሆኖ ቀረ።

ቢሮው ውስጥ ሚዛን ያዧ ወይዘሪት እመቤት ናት። ወጣት ናት፣ ሥራዋን አክባሪ ናት፣ ጠላት የላትም። ቆርቆሮውን ከዘምዘም እጅ ተቀብላ እርሳሶቹን አንድ በአንድ መስተዋት ሥር ባለው ሚዛን ላይ አስቀመጠች። ፍቅፋቂውን ለየቀለሙ ለይታ መዘነች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው በመስኮቱ በኩል የሚገባው የወለላ ሞተር ብቻ ነበር። አያ ይመር ውጭ ልጓሙን ይዘው ቆመዋል።

እመቤት ሥዕሉን አየች። በመስኮቱ በቅሎዋን አየች። እንደገና ሥዕሉን አየች።

«ይህ እግር ብረት ነው አይደል?»

«ብረት ነው» አለ አራጋው።

«ታዲያ ለምን ቡናማ ሆነ?»

«አጠገቡ ቡናማ ስለቆመ።»

እመቤት ሚዛኑን ዳግመኛ አየች። ሕጉ ሚዛኑን እንጂ እሷን አይጠይቅም። ሚዛኑ ደግሞ ተናግሯል።

«እማኝ፣ ያዩት ይህንን ነው?»

«ይህንን ነው» አሉ ዘምዘም፤ አውራ ጣታቸውንም ከሥዕሉ ግርጌ አሳረፉ።

እመቤት ማኅተሙን አነሣችና «እንስሳ» ብላ መታችበት።

ከዚያ የሆነውን ደሴ ለዘላለም አትረሳውም። ወለላ በፒያሳ ስታልፍ በየደረጃው ለመታወቂያ ተቀምጦ የነበረው ሕዝብ በሙሉ ብድግ አለ። ባለ እርሳሶቹ «ኧረ ተቀመጡ! ኧረ አትነቃነቁ!» ብለው ቢጮኹ ማን ሰምቷቸው። የዚያን ዕለት የተሣሉት መታወቂያዎች ሁሉ ፊታቸው ወደ ግራ የዞረ ነው። አያ ይመር ደግሞ ቤታቸው እስኪገቡ ልጓሙን አልያዙም፤ እሷ ከኋላቸው መጣች። ከዚያም ብዙ ክረምት ኖረች። አንድ ማለዳ አንገቷን ሽማግሌው ትከሻ ላይ እንዳሳረፈች ሞተሯ ቀስ እያለ ዝም አለ፤ በክብር አፈር ለበሰች።

አራጋው ይህን ያላወራበት ሠርግና ለቅሶ የለም። ሲያወራ ቀኝ እጁ ሁልጊዜ ደረት ኪሱ ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ከዚያን ዕለት የቀረች የእርሳስ ቁራጭ አለች። «የወለላ ናት» ይላል። አሳየን ቢሉት አያወጣትም፤ ጨብጧት ይቀራል።

አያ ይመር ያረፉ ጊዜም ድንኳኑ ውስጥ ይህንኑ አወራ። እንደዚያን ዕለት አውርቶ አያውቅም። የሰማዩ ክዳን ሲቀደድ ድንኳኑ በራ፤ «አጠገቡ ቡናማ ስለቆመ» ሲል ሰዎች እንባቸውን ጠረጉ። ከወረባቦ የመጡ የአያ ይመር የእህት ልጆች ጨዋታውን ከዚያ በፊት አልሰሙትም ነበር። አጎታቸውን ለዓመታት አላዩአቸውም። የሰፈሩ ሰው ግን አንገቱን አቀርቅሮ ያዳምጣል።

ከእህት ልጆቹ አንዱ፣ ሙሳ የሚባለው፣ ጨዋታው ሲያልቅ ጠጋ አለ።

«ጋሼ አራጋው፣ አላህ ይስጥልን። ልባችንን አሳረፍኸው። ነገ ከመሄዳችን በፊት መቃብሯን ልናየው ፈልገን ነበር። የት ነው የተቀበረችው?»

አራጋው አፉን ከፈተ። እጁ ኪሱ ላይ ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን መቃብሯ ላይ ዋርካ ያበቅልበት ነበር፤ ዋርካው ላይም የአገሩን ወፍ ሁሉ ያሰፍርበት ነበር። አሁን ኪሱን አጥብቆ ያዘ። ሰዎቹ ጠበቁት። እሱ ግን ማዶ ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ የሚሰበስቡትን እትዬ ዘምዘምን ነበር የሚያየው። ሙሳም ዓይኑን ተከትሎ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እርስዎ እማኟ ነዎት፣ እትዬ? እርስዎ ያውቁታል?»

ዘምዘም ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«መቃብር የላትም፣ ልጄ፤ መፍቻ ጣቢያ ነው የሄደችው» አሉ። «ያን ቀን ደመና ነበር፤ ፀሐይ አልወጣችም። ቆርቆሮውን የያዝሁት እኔ ነኝ። ያለቀው ግራጫው ነው።»